ጥለት ያለው መግነዝ

እትዬ ፀሐይነሽን ቢቸና ውስጥ የማያውቅ ሰው ካለ ትናንት በአውቶቡስ የመጣ ነው። እርሱም ቢሆን ጋቢ ደርቦ ከሆነ ሳይተዋወቃቸው አይውልም። መንገድ ላይ ያስቆሙታል፣ የጋቢውን ጫፍ በሁለት ጣታቸው ያሻሉ፣ ከዚያ «የማን ፈትል ነው? አይከፋም፤ ግን ጥጡን በደንብ ሳትነድፈው ነው የፈተለችው» ብለው ይለቁታል። ሰውየው መቆጣት ያምረዋል። ነገር ግን ሰማንያ ዓመት ያለፋቸውን፣ ወገባቸው ገና ያልጎበጠውን ሴትዮ ምን ብሎ ይቆጣል?

እኔ ማናለሽ እባላለሁ። የሞጣ ልጅ ነኝ፤ ይስማው የሚባል ሸማኔ አግብቼ ቢቸና ከገባሁ ሠላሳ ዓመት ሊሆነኝ ነው። አባቴ በጊዜው «ልጄን ለቁጢት በጣሽ ሸማኔ አልሰጥም» ብሎ ሦስት ወር አኩርፎ ነበር። ሲያኮርፍ ተከናንቦት የሚቀመጠው ጋቢ የሸማኔ ሥራ መሆኑ ትዝ አላለውም። ይህንኑ ፊት ለፊት ብነግረው ኩርፊያው ስድስት ወር ሆነ። አፌ እንዲህ ነው፤ ከልጅነቴ ጀምሮ አላረፈም።

ይስማው ደግሞ ዝምተኛ ነው። ጠዋት እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ ሰዶ ከተቀመጠ፣ መወርወሪያው ከግራ ወደ ቀኝ ሲመላለስ ይሰማል እንጂ የእርሱ ድምፅ አይሰማም። እንግዳ ሲመጣ የማዋራው እኔ ነኝ፤ ፈትል የምቀበለውም፣ «መቼ ይደርሳል?» ለሚለው ሁሉ መልስ የምሰጠውም እኔ ነኝ። ቢቸና ስገባ ከሞጣ የመጣችውን ለፍላፊ ሁሉም ሲሸሻት፣ በራችንን መጀመሪያ ያንኳኩት እትዬ ፀሐይነሽ ነበሩ። አንድ ቋጠሮ ፈትል ይዘው መጡና «ባልሽ እጁ ጥሩ ነው አሉ። የአንቺስ እጅ?» አሉኝ። ከመሶብ ሥር ያስቀመጥኩትን ልቃቂት አንስተው፣ ክሩን መዘዝ አድርገው አዩት። «አንቺ ልጅ፣ ይህ ፈትል ነው ወይስ የበሬ መጎተቻ?» አሉ። እውነታቸውን ነው። የሸማኔ ሚስት ሆኜ መፍተል ሳልችል ኖርኩ፤ እሳቸውም ይህንን ለማንም ሳይነግሩ ኖሩ።

የተወለዱት ከከተማው ወጣ ብሎ ካለ ገጠር ነው። እንዝርት የያዙት በሰባት ዓመታቸው ነው ይላሉ። እኔ እስካየኋቸው ድረስ ሥራ ፈት እጅ ኖሯቸው አያውቅም። ለቅሶ ቤት ተቀምጠው ሳይቀር፣ እንዝርት መያዝ ነውር ስለሆነ፣ ጣታቸው ባዶውን አየር ይፈትላል። ጥጥ ገበያ ሲወጣ ዘለላውን ከአንዱ ጆንያ ወደ ሌላው እየሄዱ ይጎትታሉ፣ ያሸታሉ፣ ነጋዴውን ያስለቅሳሉ። ቤት ሲገቡ ይዳምጡታል፣ በደጋን ይነድፉታል፣ እንደ ጣት አድርገው ያድበለብሉታል። ከዚያ እንዝርቷን ጭናቸው ላይ ሾር አድርገው ይለቋታል፤ ክሩ ከእጃቸው ሲወጣ ማለቂያ ያለው አይመስልም።

አምስት ልጆች አሳድገው አምስቱንም የዳሩት በእጃቸው ፈትል ነው። አንዱ አምበር ከተማ ሱቅ አለው፣ ሴቷ ደብረ ኤልያስ ታስተምራለች፣ ሌሎቹም በየፊናቸው ናቸው። ባላቸው አቶ ስጦታው ከወንዶች ሁሉ የተለየ ነጭ ለባሽ ነበሩ፤ ቆሻሻ አይወዱም፣ የሱቅ ልብስ አይወዱም። አርባ ዓመት ሙሉ ከሚስታቸው እጅ ያልወጣ ነገር ትከሻቸው ላይ አላረፈም።

የሞቱት ግን በድንገት ነው፤ ከሞቱ አሥራ አምስት ዓመት ሆኗቸዋል። በዚያ ሳምንት የመጨረሻው ልጅ ተድሮ ስለነበር ቤት ውስጥ የነበረው ነጭ ነገር ሁሉ ለሙሽሮቹ ወጥቷል። ሰው ሲሞት ደግሞ ቀጠሮ የለም። ጎረቤት ሮጦ ከሱቅ አቡጀዲ ገዛና አቶ ስጦታው በአቡጀዲ ተገነዙ። እትዬ ፀሐይነሽ ያን ቀን ያለቀሱት ለቅሶ ግማሹ ለሞቱ፣ ግማሹ ለአቡጀዲው ነበር። «አርባ ዓመት አልብሼው አርባ ዓመት! በመጨረሻዋ ቀን ራቁቱን ሸኘሁት!» ይሉ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጥለት ያለው ልብስ አልነኩም። ሠርግ ተጠርተው ሲሄዱ እንኳ ያለ ጥለት፣ ነጭ በነጭ ሆነው ጥግ ይቀመጣሉ፤ ሳይጨፈር ይመለሳሉ።

ዓይናቸው መድከም ሲጀምር አንድ ነገር ቆረጡ። የራሳቸውን መግነዝ ራሳቸው ይፈትላሉ። «እኔን አቡጀዲ አያገኘኝም» አሉ። ዛሬ ዛሬ ሸማኔው ድሩን ከፋብሪካ ክር ያደርገዋል፣ የእጅ ፈትል የሚገባው ለማግ ብቻ ነው። እሳቸው ግን ድሩንም ማጉንም ከእጃቸው አወጡት። ሁለት ዓመት ፈጀባቸው። የመጨረሻዎቹን ልቃቂቶች ሲፈትሉ ክሩን በዓይናቸው ሳይሆን በከንፈራቸው ነበር የሚለኩት።

አሁን ጥፋቴን ልናገር።

ቤታችን አንድ ሥርዓት አለ፤ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ሰው ፈትሉን ሲያመጣ ምን ዓይነት ጥለት እንደሚፈልግ እጠይቅና የዚያኑ ቀለም ክር ቋጠሮው ላይ አስራለሁ። አረንጓዴ ከሆነ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ ከሆነ ሰማያዊ። ክር የሌለው ቋጠሮ ጥለት አይገባበትም ማለት ነው። ይስማው ክሩን ያያል፣ ይሠራል፣ አይጠይቅም። ከእኔ ጋር ከማውራት በክር መነጋገሩ ሳይሻለው አይቀርም።

እትዬ ፀሐይነሽ ቋጠሯቸውን ደረታቸው ላይ አቅፈው የመጡ ዕለት እኔ ወደ ሞጣ ልሄድ ስጣደፍ ነበር። እህቴ ወይንእሸት ምጥ ይዟት ስልኩ አላስቀምጥ ብሎኛል። ቋጠሮው አፉ ላይ ጥቁር፣ ቀይና ቢጫ ሆኖ በተገመደ ክር ታስሯል።

«ይህች ክር ለልጅ ልጄ ክርስትና ከተገመደው ማተብ የተረፈች ናት» አሉኝ። «ከማተብ የተረፈ አይጣልም፤ ከእኔ ጋር ትቀበር ብዬ ነው። ስሚ ማናለሽ፣ መግነዜ ነው። ጥለት የለውም። ነጭ በነጭ።»

«እሺ እትዬ፣ እሺ» አልኩ፤ አንድ እጄ ቦርሳ ይዘጋል፣ ሌላው ስልክ ያነሳል።

«ለይስማው ንገሪው።»

«እነግረዋለሁ እትዬ፣ ይሂዱ ይረፉ።»

ቋጠሮውን ይስማው የሚቀመጥበት አጠገብ አስቀመጥኩና ባጃጅ ጠርቼ ሮጥኩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ለእኔ ነው፤ ልዩነቱ እኔ ያፈሰስኩት የሚለቀም አለመሆኑ ነው።

ሞጣ ሦስት ሳምንት ቆየሁ። እህቴ በሰላም ሴት ልጅ ተገላገለች፤ ገንፎው፣ እልልታው፣ ጠያቂው ሌላ ነገር አላሳስብ አለኝ። በአንደኛው ሳምንት ይስማው ደወለ። ስልክ የሚጠላ ሰው ስለሆነ ደንግጬ አነሳሁት።

«የእትዬ ፀሐይነሽን ጀመርኩ» አለኝ።

«ጎሽ! እንዳታሳፍረኝ» አልኩት። «እሳቸው በጣታቸው ነው የሚያዩት። በዕድሜህ ሠርተህ የማታውቀውን ሥራ!»

«እሺ» አለ።

ዶሮዎቹን ማን እንደሚያበላ ጠየቅሁት፣ የጎረቤቷ ጥጃ ጎመኑን በልታው እንደሆነ ጠየቅሁት፣ ጉንፋኑ ለቆት እንደሆነ ጠየቅሁት። ሁሉን ጠይቄ ያንን አንዱን ሳልነግረው ዘጋሁት።

ስመለስ ልብሱ ታጥፎ አልጋው ላይ ተቀምጧል። ይስማው ምስጋና ጠይቆ የማያውቅ ሰው ነው፤ ያን ቀን ግን በር ላይ ቆሞ ፊቴን ያያል። ገለጥ ባደርገው በሁለቱም ጫፍ አንድ አንድ ስንዝር የሚሞላ ጥለት ወጣ። ጥቁር፣ ቀይ፣ ቢጫ። በመሐላቸው ሰንበሌጥ የመሰለች ቀጭን ሐረግ ትሄዳለች፤ እንዲህ ያለ ነገር ሲሠራ አይቼ አላውቅም። እዚያው አልጋው ላይ ተቀመጥኩ።

«አላማረም?» አለኝ።

«ይስማው» አልኩት፣ «ይህ የእትዬ መግነዝ ነው።»

ልብሱን ወስዶ መልሶ አጠፈው። መቼም እርሱ ሲቆጣ ዝም ነው፣ ሲያዝን ዝም ነው፣ ሲደሰትም ዝም ነው፤ ሚስቱ ሆኜ ካልለየሁት ማን ይለየዋል? ያን ቀን አዝኖ ነበር። በዚህ ሥራ አርባ ዓመት ሊሞላው ነው፣ አንድ ሰው እንኳ ሥራውን መልሶበት አያውቅም።

ማታ በምግብ ሰዓት ቆርጠን እንጣለው አልኩት።

«ከዚህም ከዚያም አንድ አንድ ስንዝር? እሳቸው እኮ ረጅም ናቸው» አለ። «እግራቸው ሊወጣ ነው?»

«እንተርትረዋ።»

«ድሩ ላላ ብሎ ይቀራል። የተበላ ይመስላል።» እንጀራውን ሳይቆርስ ተወው። «ነገ እወስደዋለሁ። ዓይኔ ነው ያሳሳተኝ እላቸዋለሁ። አንቺ ዝም በይ።»

እሺ አልኩ። እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ፤ ጥፋቴን የሚሸፍን ሰው አገኘሁ ብዬ ደስ አለኝ። እስከ ዛሬ የማፍረው በጥለቱ ሳይሆን በዚያች ደስታ ነው።

በማግስቱ ሄድን። እትዬ ፀሐይነሽ ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ይስማው ልብሱን ጉልበታቸው ላይ አኖረና «እትዬ፣ አጥፍቻለሁ፤ ዓይኔ ነው» አለ። ጣታቸው በነጩ ላይ ሲሄድ ፊታቸው በራ። «ኧረ እጅህን ይባርከው! እንዴት አጥብቀህ መታኸው!» አሉ። ከዚያ ጣታቸው ጫፉ ላይ ደረሰና ቆመ። የጥለቱን ጉብታ ከዳር እስከ ዳር ሄዱበት። ወደ ሌላው ጫፍ ሄዱ፤ እዚያም አገኙት።

እኔም ዝም አልኩ።

«ይስማው» አሉ በመጨረሻ፣ «የአንተ ዓይን ደህና ነው። ይህች ናት።»

«ኧረ እኔ ነኝ እትዬ…»

«አትዋሽ። ማናለሽ እዚህ ከገባች ጀምሮ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ይህች ልጅ ያለ ጥፋት ዝም ብላ ታውቃለች?»

እዚያው ፈነዳሁ። እያለቀስኩ ቦርሳውን፣ ምጡን፣ ባጃጁን፣ ስልኩን፣ ዶሮዎቹን ሳይቀር ተናገርኩ። እግራቸው ሥር ወደቅሁ። «ገዝቼ እተካለሁ» ስል ብቻ ተቆጡ።

«ከሱቅ? አቡጀዲ ልታለብሺኝ?»

«ታዲያ ምን ላድርግ እትዬ? እርስዎ እንግዲህ ዓይንዎ…»

«ዓይኔማ አለቀ።» አሉ። ሁለት ዓመታቸው ጉልበታቸው ላይ ተጋድሟል፤ ሌላ ሁለት ዓመት ከየት ይመጣል? ልክ እንደ ባላቸው በአቡጀዲ ሊሄዱ ነው፤ ለዚህ ያበቃኋቸው እኔ ነኝ። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው ራሴን ፈለጉና ያዙት። «አንቺ ትፈትያለሽ» አሉ።

«እኔ? የእኔ ፈትል እኮ የበሬ መጎተቻ ነው ብለውኛል!»

«ቢሆንም ከአቡጀዲ ይሻላል። እኔ አስተምርሻለሁ፤ አንቺ ተሳደቢ፣ ግን ፍተይ።»

ልንወጣ ስንል ይስማውን ጠሩት። «ቀለሙ ምንድን ነው?» አሉት። ነገራቸው። ሐረጉንም ነገራቸው፤ ቢጫው የእንቁላል አስኳል እንደሚመስልም ነገራቸው። በሠላሳ ዓመት ትዳር ባሌ አንድ ጊዜ እንዲህ ብዙ ሲናገር ሰማሁት። እሳቸው ልብሱን ከነጥለቱ ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው «ከብዶኝ ኖሯል» አሉ። ምን እንደከበዳቸው አልጠየቅንም።

ጥር ላይ ጎረቤታችን ምስራቅ ስትዳር፣ እትዬ ፀሐይነሽ ያንን ለብሰው መጡ። ምን እንደሆነ የምናውቀው ሦስታችን ነን። መሪጌታ አምላኩ ሳይቀሩ «እትዬ፣ ዛሬስ ሙሽራዋ እርስዎ ነዎት» ብለው ቀለዱ። «ሸማ በየፈርጁ ይለበሳል፤ ለዚህም ፈርጅ አላጣሁለትም» ብለው መለሱ። ጥግ አልተቀመጡም። ዘፈኑ ሲሞቅ ተነሡና ትከሻቸውን ሁለት ጊዜ አነቃነቁ፤ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፣ ግን ሠርገኛው ሁሉ ጮኸ። ይስማው ከቆመበት ሆኖ ጥለቱን እንጂ ሰው አያይም ነበር።

እኔ ደግሞ መፍተል ያዝኩ። የመጀመሪያዎቹ ወራት የሰማሁት ስድብ በሕይወቴ ከተሳደብኩት ይበልጣል። ክሩ ይበጠሳል፣ ይቋጠራል፣ እንዝርቷ ከእጄ ታመልጥና ከአልጋ ሥር ትገባለች። በየሳምንቱ የፈተልኩትን ይዤ እሄዳለሁ፤ እሳቸው አንድ በአንድ በጣታቸው ያዩና ይመልሱልኛል። «ወፍራም ናት፣ ድገሚያት።» «ይህች ላልታለች፣ ድገሚያት።» ድገሚያት ያሉኝን ይዤ እመለስና ለሌላ ጋቢ ማግ ትሆናለች እያልኩ ለይስማው አቀብላለሁ፣ እኔ እንደገና እጀምራለሁ። የዘንድሮው መስከረም ሲጠባ ዓመት ሊሞላኝ ተቃረበ፤ ለመግነዙ የተቀበሉኝ ግን ሦስት ልቃቂት ብቻ ነው።

አንድ ቀን ይስማው ከመለሱልኝ አንዱን መዝዞ አየውና «ይህስ ምኑ ይጠላል?» አለ። ይስማው አያሞጋግስም፤ ካለ አለ ነው። ደሜ ፈላ። ዓመት ሙሉ ጭኔን የላጥኩት ለቀልድ ነው? የልቃቂቱን ቅርጫት ስገለብጥ ከታች አንዲት ልቃቂት አገኘሁ። የእሳቸው የራሳቸው ነበረች፤ ጥለት ያለው ልብስ ተሠርቶ የተረፈችና ይስማው ሊመልስላቸው ያስቀመጣት፣ በዚያ ሁሉ ግርግር የተረሳች። ክሯ ከፀጉር ይቀጥናል። አሁን እንተያያለን ብዬ ከእኔዎቹ መሐል ደባልቄ ይዣት ሄድኩ።

ደጃፋቸው ላይ ያንኑ ባለ ጥለቱን ለብሰው ተቀምጠዋል፤ ከሠርጉ ወዲህ ያወለቁበትን ቀን አላስታውስም። አንደኛዋን ነኩ። «ወፍራም ናት፣ ድገሚያት።» ሁለተኛዋን ነኩ። «ቋጠሮ አላት፣ ድገሚያት።» ሦስተኛዋ የእሳቸው ነበረች።

ጣታቸው ቆመ። ክሩን ትንሽ መዘዝ አድርገው ወደ ከንፈራቸው ወሰዱት፤ ቆዩበት። የገዛ እጃቸውን እንዳወቁት እኔም አወቅሁ። ሊስቁ ነው፣ ወይ ሊሰድቡኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን ክሩን መልሰው በጥንቃቄ ጠቀለሉና ልቃቂቷን መዳፌ ላይ አኖሯት።

«ይህችም ወፍራም ናት» አሉ። «ድገሚያት።»

ልጮህ አፌን ከፍቼ ነበር። ቀና ብዬ ሳያቸው ተውኩት። ወደ መንገዱ ዞረዋል፤ የሚያልፈውን ሰው ኮቴ ይሰማሉ፣ ባለ ጋቢውን ማስቆም አምሯቸዋል። «ምስራቅ ወልዳ የለ? የልጇ ክርስትና መቼ ነው?» አሉኝ። «ጥለቷን ቀደም ብለሽ እጠቢልኝ፤ ለዚያ እለብሳታለሁ።»

መግነዙ ቶሎ እንዲያልቅ እንደማይፈልጉ ያኔ ገባኝ፤ ደስም አለኝ። «እሺ እትዬ» አልኳቸው። ልቃቂቶቹን ሁሉ፣ የእሳቸውንም ጭምር፣ ሰብስቤ ወደ ቤቴ ሄድኩና አዲስ ጥጥ መንደፍ ጀመርኩ።